ዋራንቲ ያለው ትራክ ዲለር ግቢ ሲከርም ምን ይደረጋል?

ዋራንቲ የተበላሸውን ዕቃ በነጻ ለመቀየር ቃል ይገባል። በስንት ቀን እንደሚቀየር ሲጠየቅ ግን አብዛኛው የዋራንቲ መጽሐፍ ዝም ይላል። አሜሪካ ውስጥ የራሱን ትራክ ይዞ የሚሠራ ሾፌር የሚጎዳው በዚህ ዝምታ ነው። በአንድ የኖክስ ሴንሰር (የጭሱን መርዛማ ጋዝ በሚለካ ትንሽ ዕቃ) ምክንያት ትራኩ ሦስት ሳምንት ሲቆም፣ የባንኩ ክፍያና ኢንሹራንሱ አንድ ቀንም አይቆሙም። እዚህ የምንጽፈው ለክላስ 8 ትራክ፣ ማለትም ከነጭነቱ ከ33,000 ፓውንድ በላይ እንዲመዝን ለተሠራው ነው። ለፒክአፕ ሕጉ ይለያል፤ ወደ ታች እናነሳዋለን።

ትራኩ ዛሬ የሚጠብቀው ምንድን ነው?

ዲለሩ ጋ (ትራክ ሸጦ በአምራቹ ፈቃድ የሚጠግነው ድርጅት) ደውለው "ትራኬ መቼ ያልቃል?" ብለው ሲጠይቁ የሚያገኙት ግምት ነው። ይልቅ "ትራኬ ዛሬ የሚጠብቀው ምንድን ነው?" ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከአምስት ነገሮች አንዱ መሆን አለበት፦ የምርመራ ወረፋ፣ የአምራቹ ፈቃድ፣ ዕቃ፣ መካኒክ፣ ወይም ከጥገና በኋላ የሚደረግ ሙከራ። "እየሠራንበት ነው" ከአምስቱ አንዱም ስላልሆነ እንደ መልስ አይቀበሉት፤ በትሕትና ጥያቄውን ይድገሙት።

መቆሚያው ሲለያይ መፍቻውም ይለያያል። ትራኩ ገና ያልተመረመረ ከሆነ ወደ ሌላ ዲለር መውሰድ ሊያዋጣ ይችላል። ፈቃድ ላይ ከተያዘ የሚደወለው አምራቹ ጋ ነው። ዕቃው ከአገር ከጠፋ ግን የትም ቢጎትቱት ያው ነው፤ እንዲያውም አዲሱ ዲለር ጋ ወረፋውን ከዜሮ ይጀምራሉ። ብዙ ሰው ተናዶ ትራኩን የሚያስነሳው በዚህኛው ጊዜ ነው፤ የቶው (የመጎተቻ) ገንዘብም ጊዜም ያጣል።

የዋራንቲ ሥራ ለምን እንደሚዘገይም ማወቅ ይጠቅማል። አምራቹ ለዲለሩ የሚከፍለው ለየሥራው አስቀድሞ በተወሰነ ሰዓት ነው። ለምርመራው ሁለት ሰዓት ከተፈቀደና መካኒኩ ስምንት ከፈጀበት፣ ለትርፉ ሰዓት የተለየ ማብራሪያ ካልቀረበ ኪሳራው የዲለሩ ሊሆን ይችላል። ዲለሩ ለአምራቹ የሚልከው የክፍያ ጥያቄ ጎደሎ ከሆነም አምራቹ አልከፍልም ይላል። ስለዚህ ዲለሩ ይጠነቀቃል፤ ብልሽቱ ያልጠራ ትራክም ወደ ኋላ ይገፋል። እርስዎ ብልሽቱን በማስረጃ ባጠሩለት መጠን ትራክዎ ለመካኒኩ ቀላል ሥራ ይሆናል። ቀላል ሥራ ደግሞ ቶሎ ይነሳል።

ዋራንቲው የማን ነው?

አንድ ትራክ ላይ ብዙ ዋራንቲ ተደራርቧል። ሻሲውና ካቢኑ የትራኩ አምራች ናቸው። ሞተሩ ግን የሌላ ሊሆን ይችላል፤ ፒተርቢልት፣ ኬንዎርዝ ወይም ኢንተርናሽናል ላይ የተገጠመ የከሚንስ ሞተር ዋራንቲው የከሚንስ ነው። ካስካዲያ ላይ ያለ የዲትሮይት ሞተር፣ ቮልቮ ላይ ያለ የቮልቮ ሞተር ግን ከትራኩ ጋር ያው አንድ ቤት ነው። ማርሹ የኢተን ወይም የአሊሰን ሲሆን ሌላ መጽሐፍ ይመጣል። የብልሽቱ ባለቤት ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ካልተለየ፣ ሁለት ካምፓኒዎች "የእኔ አይደለም" እየተባባሉ ሳምንት ያልፋል።

ለትራኩ የሚያስፈልገው የቪን ቁጥሩ (የመኪናው መለያ) ነው፤ ፓርት ክፍሉ (ዕቃ የሚያዘው) አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በመጨረሻዎቹ 8 ፊደላትና አኃዞች ነው። ለከሚንስ የሞተሩ ሲሪያል ቁጥር ያስፈልጋል፤ ሞተሩ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ ፎቶ አንስተው ስልክዎ ላይ ይያዙ።

ዋራንቲው የሚቆጠረው ትራኩ ለመጀመሪያው ባለቤት ከተረከበበት ቀን ነው። ያገለገለ ትራክ ከገዙ የቀረውን ለማወቅ ያንን ቀን በማንኛውም ዲለር ያስጠይቁ። የከሚንስ ኤክስ15 ሞተር መነሻ ዋራንቲ 2 ዓመት ወይም 250,000 ማይል ነው፤ ቀድሞ በደረሰው ያልቃል። ሻሲው ብዙ ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው፤ 1 ዓመት ወይም 100,000 ማይል የተለመደ ነው። የፌዴራሉ የጭስ ሥርዓት ዋራንቲ እስከ 2026 ሞዴል ላለ ከባድ ሞተር 5 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ሲሆን፣ ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ትራክ ይህን ማይል በአንድ ዓመት ገደማ ይጨርሳል። ካሊፎርኒያ ከ2022 ሞዴል ጀምሮ ለተመዘገቡባት ከባድ ትራኮች ወደ 5 ዓመት ወይም 350,000 ማይል አድርሳው ነበር፤ ኮንግረስ በ2025 የዚህን ደንብ የፌዴራል ፈቃድ ስለሻረ ለትራክዎ መሥራቱን ያጣሩ። ስለዚህ "ማይሉ አልፏል" ሲባሉ የትኛው ዋራንቲ እንዳለፈ ይጠይቁ። ሞተሩ ላይ ያለቀው ከጭስ ሥርዓቱ ላይ ላያልቅ ይችላል፤ የተገላቢጦሹም እንዲሁ።

ከአምራቹ ውጪ በሌላ ድርጅት የተሸጠ "ኤክስቴንድድ ዋራንቲ" ካለዎት ነገሩ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ፈቃድ ይፈልጋሉ፤ ለእያንዳንዱ ዕቃም የዶላር ጣሪያ አላቸው። መካኒኩ ሳያስፈቅድ ከፈታው ክፍያው ውድቅ ሊሆን ይችላል። ይህን ለአድቫይዘሩ (ዲለሩ ጋ ደንበኛ ለሚያስተናግደው) ራስዎ ይንገሩት፤ ያውቃል ብለው አይተዉት። ሪከል (አምራቹ ለደኅንነት ጉድለት የሚጠራው ጥገና) ደግሞ ከዋራንቲ ጋር አይምታታ። የሪከል ሥራ ማይል ሳይጠየቅ በነጻ ነው። በፌዴራሉ ሕግ ትራኩ ከቀረበ በ60 ቀን ውስጥ በአግባቡ ካልተጠገነ፣ "በተገቢው ጊዜ አልተሠራም" ለማለት ራሱ መነሻ ማስረጃ ይሆናል። ቪኑን በአውራ ጎዳና ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ (ኤንኤችቲኤስኤ) ወይም በአምራቹ ድረ ገጽ ማጣራት አንድ ደቂቃ ነው።

ከመግባትዎ በፊት

የአምራች ዋራንቲ በየትኛውም የተፈቀደለት ዲለር ይሠራል፤ ወደ ገዙበት መመለስ ግዴታ አይደለም። ትራኩ መንቀሳቀስ ከቻለ በ200 ማይል ዙሪያ ላሉ ሦስት ዲለሮች ይደውሉና አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁ፦ "ዛሬ ባስገባው ኮምፒውተር የሚሰካበት መቼ ነው?" አንዱ "በዘጠኝ ቀን" ሌላው "ነገ ጠዋት" ሊል ይችላል። የማታ ሺፍት ያለውን ይምረጡ። ፍሬይትላይነር ኤሊት ሰፖርት በሚላቸው ዲለሮች ኤክስፕረስ አሰስመንት የሚባል አሠራር አለ፤ ዓላማው በሁለት ሰዓት የመጀመሪያ ምርመራ አድርጎ ሥራውና ዕቃው ምን እንደሚፈልግ መንገር ነው። ትራኩን ሲያስገቡ በስሙ ጠርተው ይጠይቁት።

ማስረጃውን ከመግባትዎ በፊት ያዘጋጁ፦

- የብልሽት ኮዱ ሲመጣ የዳሽቦርዱን ፎቶ፣ የኤስፒኤንና የኤፍኤምአይ ቁጥሮቹ (የትኛው ክፍል፣ ምን ዓይነት ብልሽት እንደሆነ የሚናገሩት) እንዲነበቡ አድርገው፤
- ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማይሉን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የጭነቱን ክብደት፣ ዳገት ወይም ሜዳ መሆኑን፤
- ድምፅ ወይም ጭስ ካለ ቪዲዮ፤
- ያለፉት የዘይት፣ የነዳጅ ፊልተርና የዲፒኤፍ (የጭስ ጥላሸት ማጣሪያ) ሥራዎች ደረሰኝ፣ ማይሉ የተጻፈበት፤
- የዴፍ (ጭሱን ለማጽዳት የሚጨመር ፈሳሽ) መግዣ ደረሰኞች።

ኮዱን ራስዎ አያጥፉ፤ ባትሪም አይንቀሉ። ኮዱ ጠፍቶ የገባ ትራክ "ችግር አልተገኘም" ተብሎ ይወጣል፤ ከሁለት ቀን በኋላ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ወረፋውም እንደገና ይጀምራል። የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ከሆነ ማስታወሻዎ ከኮዱ እኩል ይሠራል።

ኮድ ሁሉ ምክንያት አይደለም። ኤስፒኤን 5246 ትራኩ ፍጥነቱ እንዲቀነስበት መታዘዙን ይናገራል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ከሥሩ 3226 ካለ ከጭስ መውጫው የኖክስ ሴንሰር ጋር የተያያዘ ነው፤ 3216 የመግቢያው ነው፤ 4364 ከኤፍኤምአይ 18 ጋር ሲመጣ የኤስሲአሩ (ጭሱን በዴፍ የሚያጸዳው ክፍል) የማጽዳት አቅም ወርዷል ማለት ነው። 4364 ሲመጣ ሴንሰር ብቻ ቀይሮ መልቀቅ የተለመደ ስህተት ነው። የዴፍ ዶዘሩ (ዴፉን የሚረጨው) በነጭ ክሪስታል ተዘግቶ፣ ዴፉ ራሱ ተበላሽቶ፣ ወይም የጭስ መስመሩ ክላምፕ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። መካኒኩን ማስተማር አያስፈልግም፤ ሁሉም ኮዶች በወረቀቱ ላይ መስፈራቸውን ማረጋገጥ ግን የእርስዎ ድርሻ ነው።

የሚፈርሙት ወረቀት

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጣፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ዲለር ጋ መጣፉ ሪፔር ኦርደር ይባላል። ሦስት ነገር ይይዛል፦ ቅሬታው፣ ምክንያቱ፣ የተደረገው ጥገና። ቅሬታውን የሚሞሉት እርስዎ በሚናገሩት ነው። "ቼክ ኢንጂን በርቷል" ብቻ ከተጻፈ መብራቱን አጥፍተው ሥራው አለቀ ሊሉ ይችላሉ። "ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ኃይል ያጣል፤ በሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ 5246 እና 4364 መጥተዋል፤ ፍጥነቱ ተገድቧል" ብለው ያጽፉ። ከመፈረምዎ በፊት የገባበት ቀን፣ ማይሉና እያንዳንዱ ቅሬታ በየራሱ መስመር መኖሩን ያንብቡ፤ ቅጂ ይቀበሉ ወይም ፎቶ ያንሱ።

ፊርማዎ የሚሰጠውን ፈቃድ ልብ ይበሉ። ብልሽቱ በዋራንቲ ካልተሸፈነ የምርመራውን ሰዓት የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። "ከሁለት ሰዓት በላይ ከመመርመራችሁ ወይም ከመፍታታችሁ በፊት በጽሑፍ አስፈቅዱኝ" የሚል መስመር ያስጨምሩ። በስልክ በሩጫ እንግሊዝኛ ሲያወሩ "ኦኬ፣ ኦኬ" ማለት እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። ከዚህ የመጣ የሺህ ዶላር ሒሳብ የገጠማቸው ብዙ ናቸው። "እባክህ በኢሜይል ወይም በቴክስት ላክልኝ፣ አንብቤ እመልሳለሁ" ማለት ነውር የለውም። ለዲለሩም ይሻላል፤ ለእርስዎም ማስረጃ ይሆናል።

ትሬይለሩን ሌላ ቦታ ያቁሙ። የኢኤልዲ ታብሌቱን (የሥራ ሰዓት የሚመዘግበውን)፣ ሰነዶችንና ዋጋ ያለውን ዕቃ ያውጡ። የዴፍና የነዳጁን ጌጅ፣ የካቢኑን ውጭ ዙሪያውን ፎቶ ያንሱ። ትራኩ በሊዝ ፐርቸስ (እየከፈሉ በመጨረሻ የራስ በሚያደርጉት ኪራይ) ከሆነ ባለቤቱ ካምፓኒው ስለሆነ፣ ዲለሩ ከእርስዎ ጋር እንዲነጋገር ካምፓኒው በኢሜይል ፈቃድ እንዲልክ ያድርጉ። ይህ ባለመደረጉ ብቻ ትራኩ ቀናት ይቆማል።

ክትትል

በየቀኑ አራት ጊዜ መደወል አድቫይዘሩ ስልክዎን እንዳያነሳ ያደርገዋል። በሁለት ቀን አንዴ፣ ጠዋት፣ በኢሜይል ይበቃል። አራት መስመር ነው፦ የሪፔር ኦርደሩ ቁጥርና የቪኑ የመጨረሻ 8፤ ዛሬ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ፤ "ትራኩ አሁን የሚጠብቀው ምንድን ነው? ቀጣዩ እርምጃ የማን ነው? መቼ ይጠበቃል?"፤ ስምዎና ስልክዎ። በስልክ ከተነጋገሩ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ "ዛሬ በስልክ ዕቃው ሐሙስ ይገባል ብለኸኛል፣ ከተሳሳትኩ አርመኝ" ብለው ይላኩ። ዝም ካለ ዝምታው ለእርስዎ ይመሰክራል።

በምርመራ ወረፋ ላይ ሦስት የሥራ ቀን ካለፈ ሰርቪስ ማናጀሩን ይጠይቁ፤ ቀኑን ቆርጦ እንዲነግርዎ እንጂ አድቫይዘሩን እንዲወቅስ አይደለም። ትራኩን የሸጠልዎትን ሰውም አይርሱ። ሌላ ትራክ እንዲገዙት ይፈልጋል፤ ሰርቪስ ክፍሉ ደግሞ የእርሱን ቃል ከእርስዎ ይልቅ ይሰማል።

ከአምስት እስከ ሰባት የሥራ ቀን አልፎ የጠራ ነገር ከሌለ የአምራቹን የደንበኞች መስመር ይደውሉና ኬዝ (የጉዳይ መዝገብ) ያስከፍቱ። ከሚንስ ኬር፣ የፓካር የደንበኞች ማዕከል፣ ቮልቮ አክሽን ሰርቪስ፣ የማክ ዋን ኮል ሁሉም ቀንና ሌሊት ይሠራሉ። ኬዝ ነምበሩን ሳይቀበሉ ስልኩን አይዝጉ። ከዚያ ቁጥሩን ለዲለሩ በኢሜይል ያሳውቁ፦ "ለመክሰስ አይደለም፣ ፈቃዱና ዕቃው እንዲፋጠን ነው።" ኬዝ ሲከፈት ዲለሩ የትራኩን ሁኔታ ለአምራቹ ማስረዳት ይጀምራል፤ ለውጡ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ካልተንቀሳቀሰ የአካባቢውን የአምራቹ ሰርቪስ ተወካይ እንዲያገናኙዎ በኬዙ ላይ ይጠይቁ። ይህ ሰው ዲለሮቹን እየዞረ የሚከታተል፣ ያልጠራ ብልሽት ላይ የመወሰን ሥልጣን ያለው ነው።

ዕቃ ጠፋ ሲባል

"ባክ ኦርደር ነው" (ዕቃው አልቆ እየተጠበቀ ነው) ሲሉዎ የዕቃውን ቁጥር፣ የታዘዘበትን ቀንና የትዕዛዙን ዓይነት ይጠይቁ። ዕቃው ለመደርደሪያ ማሟያ በሚታዘዝበት ተራ መንገድ ተጠይቆ ከሆነ፣ ትራኩ ቆሟል በሚል በአስቸኳይ እንዲቀየር ያድርጉ። ፓርት ክፍሉ "ዩኒት ዳውን" ወይም "ትራክ ዳውን" ይለዋል። ይህ አንድ ቃል ብዙ ቀን ያድናል፤ ማንም ሳይጠይቅ የሚረሳውም እርሱ ነው።

ቀጥለው ራስዎ ያፈላልጉ። በዕቃ ቁጥሩ ሌሎች ዲለሮች ጋ ይደውሉ፤ ቁጥሩ በአዲስ ተተክቶ እንደሆነም ይጠይቁ፤ አሮጌው ቁጥር ጠፍቶ አዲሱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ዕቃውን ሲያገኙ ግን ገዝተው አይሂዱ። ከሌላ ቦታ በራስዎ ገንዘብ ያመጡት ዕቃ በዋራንቲ ላይከፈል፣ የእጅ ዋጋውም ሊወድቅብዎ ይችላል። ዲለሩ ከዲለር እንዲወስድ ቦታውንና ብዛቱን ይንገሩት።

ዕቃው የሚዘገይ ከሆነና ትራኩ ያለ አደጋ መሄድ ከቻለ፣ ተገጣጥሞ እንዲለቀቅልዎና ዕቃው ሲመጣ ቀጠሮ እንዲያዝልዎ ይጠይቁ። ሞተሩን ሊጎዳ የሚችል ከሆነ፣ ለምሳሌ ኢጂአር ኩለሩ (ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን ጭስ የሚያቀዘቅዘው) ኩላንት እያፈሰሰ ከሆነ፣ አይሞክሩት፤ ተከትሎ የሚመጣውን ጉዳት ዋራንቲው አይሸፍነውም። ዲፒኤፉን ወይም ዴፉን "ዲሊት" እናድርግልህ (ከሥራ ውጭ እናድርግልህ) የሚል ሰው በዚህ የጭንቅ ሰዓት ይመጣል። የፌዴራሉን የንጹሕ አየር ሕግ መጣስ ነው፤ ዋራንቲውም በዚያው ያበቃል፤ አምራቹም ሞተሩን ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ያየዋል።

"አይሸፈንም" ሲሉ

ውሳኔውን በጽሑፍ፣ የዋራንቲው መጽሐፍ የትኛው ገጽ ላይ ተመሥርቶ እንደሆነ ተጠቅሶ ይጠይቁ። የተበላሸውን ዕቃ ፎቶ ያንሱ፤ ጉዳዩ እስኪዘጋ እንዳይጣል ያሳስቡ። በዋራንቲ የተቀየረ ዕቃ ወደ አምራቹ ይመለሳል፤ ተከልክሎ እርስዎ የከፈሉበት ግን የእርስዎ ስለሆነ ይውሰዱት።

ብዙ ክልከላ የሚመጣው ከሦስት ነገር ነው፦ የሰርቪስ ደረሰኝ መጥፋት፣ የነዳጅ ወይም የዴፍ መበከል፣ ቀድሞ በሌላ ጋራዥ የተነካ ዕቃ። ዴፍ ተበክሏል ከተባሉ ታንከሩ ከመደፋቱ በፊት ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ናሙና ያስቀዱ። ትክክለኛው ዴፍ 32.5 በመቶ ዩሪያ ነው፤ ሪፍራክቶሜትር በሚባል ትንሽ መሣሪያ በአንድ ጠብታ ይለካል። ቁጥሩን ሲለኩ አብረው ይዩ፣ ፎቶም ያንሱ። ነገር ግን መሣሪያው የሚያሳየው ውኃ መብዛቱን ነው፤ ናፍጣ መግባቱ በጠረኑና ላይ በሚንሳፈፈው ቅባት ይለያል።

አሁንም ካልተስማሙ ሌላ ዲለር ወይም ገለልተኛ መካኒክ የጽሑፍ አስተያየት ይስጥ፤ ያንን ይዘው ኬዙን በአምራቹ በኩል ያስከፍቱ። ማይሉ በጥቂቱ ያለፈ ከሆነ "ጉድዊል" (አምራቹ በበጎ ፈቃድ የሚሸፍነውን) ይጠይቁ። መብት አይደለም፤ ሆኖም የሰርቪስ ደረሰኙ ሙሉ ለሆነ ባለቤት ዕቃውን ወይም ግማሹን ሲሸፍኑ ይታያል።

ክርክሩ ሳይቋጭ ትራኩን ማውጣት ካለብዎ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዲለሩ ሒሳቡ እስኪከፈል ትራኩን የመያዝ መብት በሕግ አለው፤ የማቆያ ክፍያም ሊያስብ ይችላል። ከፍለው ሲወጡ ደረሰኙ ላይ በተቃውሞ እንደከፈሉ፣ መብትዎ እንደተጠበቀ በእንግሊዝኛ ይጻፉበትና ፎቶ ያንሱ።

የቆመበትን ቀን ማስላትና ሕጉ

አብዛኛው ዋራንቲ የጠፋ ገቢን፣ ሆቴልን፣ የተሰረዘ ሎድን (ጭነትን) አይሸፍንም ብሎ በግልጽ ይጽፋል። ያም ሆኖ ሒሳቡን ይያዙ፤ ለጉድዊልም፣ ለድርድርም፣ ለጠበቃም ይጠቅማል። ለምሳሌ የትራኩ ክፍያ በወር 2,700፣ ኢንሹራንስ 1,500፣ ሌላ ቋሚ ወጪ 300 ዶላር ቢሆን ድምሩ 4,500 ነው፤ በቀን 150። ለ24 ቀን 3,600 ዶላር። የጠፋውን ገቢ ለይተው ያስቀምጡ፦ ካለፉት 8 እስከ 13 ሳምንታት ሴትልመንት (የክፍያ ዝርዝር) የተጣራውን አማካይ ይውሰዱ። ግሮሱን (ወጪ ያልተቀነሰለትን ገቢ) ካስቀመጡ ነዳጁን ያላወጣ ሒሳብ ነው ተብሎ መላው ወረቀትዎ ይናቃል።

ሲጠይቁ ቁርጥ ያለ ነገር ይጠይቁ፦ የአንድ ወር የትራክ ክፍያ፣ የኪራይ ትራክ ወጪ፣ ወይም የቆመው ቀን በዋራንቲው ላይ እንዲጨመር። ጥሩው ጊዜ ጥገናው አልቆ ቀኖቹ ከተቆጠሩ በኋላ ነው፤ አንድ ገጽ ከነማስረጃው። ቼክ ከመጣ አብሮ የመጣውን ወረቀት ሳያነቡ አይፈርሙ፤ ሌላ ጥያቄ ሁሉ ቀርቷል የሚል ሊሆን ይችላል። ባንኩ ጋ ደግሞ ክፍያ ከማለፉ በፊት ይደውሉ። በሊዝ ውሎች ብዙ ጊዜ ትራኩ ቢሠራም ባይሠራም ክፍያው አይቆምም የሚል አንቀጽ አለ፤ ካለፈ በኋላ የሚነገር ምክንያት አይሰማም።

ሰዎች በቅድሚያ የሚያነሱት ሌመን ሎው (ደጋግሞ የሚበላሽ መኪና የገዛን የሚጠብቅ የስቴት ሕግ) ነው። ክላስ 8 ትራክ ግን በአብዛኛው ከዚያ ውጪ ነው። የካሊፎርኒያው ለንግድ የሚሠራን መኪና የሚሸፍነው ከ10,000 ፓውንድ በታች ከሆነና ባለቤቱ ከአምስት በላይ መኪና ከሌለው ነው፤ ማለትም ለፒክአፕ ባለቤት ይጠቅማል። የ1975ቱ የማግነሰን-ሞስ የዋራንቲ ሕግም ለቤተሰብና ለግል አገልግሎት ለሚውል ዕቃ የወጣ ስለሆነ በእርሱ ላይ አይመኩ።

ለከባድ ትራክ የሚሠራው ከሉዊዚያና በቀር ሁሉም ስቴቶች የተቀበሉት የንግድ ሕግ፣ ዩሲሲ አንቀጽ 2 ነው። በክፍል 2-719 መሠረት፣ "እንጠግናለን" የሚለው ብቸኛ መፍትሔ ዓላማውን ከሳተ፣ ማለትም ደጋግመው ሞክረው ካልጠገኑ ወይም ከልክ በላይ ካዘገዩ፣ ገዢው ሌሎቹን የሕግ መፍትሔዎች መጠየቅ ይችላል። በ2-608 ደግሞ ጉድለቱ ከባድ ከሆነ ርክክቡን መሻር ይቻላል። ሁለቱም የሚቆሙት በ2-607 ላይ ነው፦ ጉድለቱን በተገቢው ጊዜ ለሻጩ ያላሳወቀ መብቱን ያጣል። ስለዚህ አንድ ብልሽት ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ወይም ትራኩ ወር ሲሞላው፣ ቀኖቹንና የሪፔር ኦርደር ቁጥሮቹን ዘርዝረው ለዲለሩም ለአምራቹም በሰርቲፋይድ ሜይል፣ የመቀበያ ማረጋገጫ ያለው፣ ይላኩ። አድራሻው ዋራንቲው መጽሐፍ ላይ አለ። የክስ ጊዜው በመደበኛው አራት ዓመት ቢሆንም ውሉ እስከ አንድ ዓመት ሊያሳጥረው ስለሚችል የግዢ ውልዎን ያንብቡ፤ አርቢትሬሽን (ከፍርድ ቤት ውጭ ዳኝነት) የሚል አንቀጽ መኖሩንም እዚያው ይዩ።

ትንሽ ገንዘብ ከሆነ የስሞል ክሌምስ (የትንንሽ ገንዘብ ክርክር ፍርድ ቤት) ጣሪያው በየስቴቱ ይለያያል፦ ቴክሳስ 20,000፣ ጆርጂያ 15,000፣ ሜሪላንድ 5,000 ዶላር። ካሊፎርኒያ ለግለሰብ 12,500 ሲሆን ለኤልኤልሲ 6,250 ነው፤ ትራኩ በካምፓኒዎ ስም ከሆነ ትንሹ ነው የሚመለከትዎ። ከዚያ በላይ ከሆነ የንግድ መኪና ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ ያነጋግሩ።

ትራኩን ሲረከቡ

ለመውጣት መቸኮል ያለ ነው፤ ግን አንድ ሰዓት ይስጡት። ወረቀቱ ላይ ምክንያቱና ጥገናው ተሞልቶ፣ የተቀየሩት ዕቃዎች ቁጥር ተጽፎ፣ የገባበትና የወጣበት ቀንና ማይል ሰፍሮ እንደሆነ ያንብቡ። "ኮድ ጠፋ፣ ተሞከረ" ብቻ ካለ ምክንያቱ አልተገኘም ማለት ነው፤ ያኔውኑ ይጠይቁ። የጭስ ሥርዓት ሥራ ከሆነ ቆሞ የሚደረግ ሪጀን (ዲፒኤፉን በሙቀት ማጽዳት) ተደርጎ ኤስሲአሩ መፈተሹን፣ ውጤቱም መታተሙን ያረጋግጡ።

ከዚያ ሎድ ከመያዝዎ በፊት ከ20 እስከ 30 ማይል በሃይዌይ ይንዱት፤ ቆመው የተነካኩትን ክላምፖች፣ የኩላንት ደረጃውንና ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር መኖሩን ይዩ። የመጀመሪያውን ሎድ ወደ ዲለሩ አቅራቢያ የሚመልስዎትን ይያዙ። ኮዱ ከተመለሰ አዲስ ሪፔር ኦርደር ከመክፈት በፊት "ይህ የተመለሰ ሥራ ነው፣ የቀድሞው ቁጥር ይህ ነው" ብለው ያስጽፉ፤ ወረፋው ላይም ፊት እንዲቀመጥ በዚያው ይጠይቁ።